ሰኞ ሰኞ የማይነሳው ቪትዝ

## ጉዳዩ ለምን ተመዘገበ

ባትሪው የወደቀበትን መኪና በኬብል ማስነሳት አዲስ አበባ ውስጥ ብርቅ አይደለም። በተለይ ክረምት ሲገባ፣ ጠዋት ጠዋት በየኮንዶሚኒየሙ ግቢ ሁለት መኪኖች ኮፈናቸውን ከፍተው ተፋጠው ታያላችሁ። የዚህኛው መኪና ታሪክ የሚጠቅመው ከተነሳ በኋላ በሆነው ነው። ሞተሩ ሲነሳ የተሰበሰበው ሰው "እግዜር ይስጥልኝ" ተብሎ ይበተናል። ባትሪው ለምን ባዶ ሆነ የሚለው ጥያቄም አብሮ ይበተናል። እዚህ ላይ ያ ጥያቄ ለወራት ሳይጠየቅ በመቆየቱ ባለመኪናዋ አንድ አዲስ ባትሪ ገዝታለች። ሞተሩ ሲሠራ ባትሪውን የሚሞላውን ዲናሞም ልታስቀይር ተቃርባ ነበር።

እኔ የምተዳደረው በመኪና ኤሌክትሪክ ሥራ ነው። ባለመኪናዋ ጎረቤቴ ናት፤ እንድጽፈው ፈቅዳልኛለች። ስሟን፣ ሰፈሩንና የሌሎቹን ሰዎች ማንነት ትቻለሁ።

## መኪናውና አዋዋሉ

መኪናው አውቶማቲክ ቶዮታ ቪትዝ ነው። ከአንድ በላይ ባለቤት አሳልፏል። መሪው ከቀኝ ወደ ግራ የተዛወረ ስለሆነ ዳሽቦርዱ ሥር ያለው ሽቦ አንዴ ተበትኖ የተገጠመ ነው። በዚያ ላይ የቀድሞው ባለቤት አላርም አስገጥሞበታል፤ ከፊት ወንበር ሥር ደግሞ አምፕሊፋየር፣ ማለትም የሙዚቃ ድምፅ የሚያጎላ ማሽን፣ አስቀምጦበታል። ጎረቤቴ ሙዚቃ ጮክ አድርጋ የምትሰማ ሰው አይደለችም። አምፕሊፋየር እንዳላትም ያወቀችው በዚህ ጉዳይ ነው።

ነርስ ናት። ከሰኞ እስከ አርብ ሆስፒታል ትገባለች። መንገዱ ክፍት ከሆነ ሩብ ሰዓት፣ ከተጨናነቀ ከግማሽ ሰዓት በላይ ይወስድባታል። በበጋ ቅዳሜ ቅዳሜ ለገበያም ለዘመድ ጥየቃም በመኪናው ትወጣ ነበር። ክረምት ሲገባ ግን አርብ ማታ ያቆመችውን መኪና እስከ ሰኞ አትነካውም። ይህን ነገር ያዙልኝ።

ችግሩ መጀመሪያ የታየው ሚያዝያ ላይ፣ ከበዓል ሰሞን በኋላ ነው። መኪናው ለቀናት ቆሞ ስለነበር አልነሳ አለ። "ባትሪው አርጅቷል" ተባለች። አዲስ ገዛች፤ አሮጌውን ለቆራሌው ሸጠችው። መኪናው ደህና ሆነ። ሐምሌ ሲገባ ግን አዲሱ ባትሪም ሰኞ ሰኞ መድከም ጀመረ። በዚህ ጊዜ ጥፋቱ ወደ ብርዱና ወደ ዝናቡ ዞረ። አዲስ አበባ በክረምት ሌሊት 10 ዲግሪ አካባቢ ብትወርድ ነው። ይህ ያረጀ ባትሪን ሊያጋልጥ ይችላል። የወራት ዕድሜ ያለውን ባትሪ ግን አይገድልም። እንዲያውም ባትሪን ቶሎ የሚያስረጀው ሙቀት ነው፤ በዚህ ረገድ ሸገር ለባትሪ ምቹ ከተማ ናት።

## የዚያ ጠዋት ችግር

ነሐሴ ላይ፣ ሰኞ፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል። ካፊያ ነበር። ሥራ የምትገባው 2 ሰዓት ላይ ነው። ቁልፉን ስታዞረው የዳሽቦርዱ መብራት ደብዘዝ ብሎ በራ፤ ከዚያ ከኮፈኑ ሥር ጠቅ ጠቅ ጠቅ የሚል ድምፅ ብቻ።

ይህ ድምፅ ብዙ ይናገራል። ጠቅ ጠቅ እያለ የሚደጋገመው ባትሪው ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሳውን ሞተሪኖ ለመቀስቀስ የሚሆን ትንሽ ጉልበት ኖሮት፣ ለማዞር የሚሆን ሲያጣ ነው። አንድ ጊዜ ብቻ "ጓ" ብሎ ዝም ካለና መብራቱ ካልደበዘዘ ሞተሪኖውን መጠርጠር ይሻላል። ምንም ድምፅ፣ ምንም መብራት ከሌለ መጀመሪያ የባትሪው ማሰሪያ ላልቶ እንደሆነ ይታያል። ሞተሩ ደህና እየዞረ አልያዝ ካለ ደግሞ ጉዳዩ የነዳጅ ወይም የካንዴላ ነው፤ ኬብል ይዞ መሯሯጥ አያስፈልግም። ብዙ ሰው ይህን ሳይለይ ነው ኬብል ፍለጋ የሚወጣው።

በቴስተር ስለካው ባትሪው 10.6 ቮልት አሳየኝ። ሙሉ ባትሪ፣ መኪናው ጠፍቶ ካረፈ በኋላ ከ12.6 ቮልት አይጎድልም። 12.2 ላይ ግማሹ አልቋል። ከ12 በታች ከወረደ ባዶ ነው ማለት ይቻላል።

## የተሞከረውና ያልሆነው

ቀድሞ የደረሰው የግቢው ዘበኛ ነው፤ ሁለት ጎረምሶች ጠርቶ መግፋት ጀመሩ። ልበ ቅን ሰዎች ናቸው፤ ግን መኪናው አውቶማቲክ ነው። ማንዋል መኪና ተገፍቶ የሚነሳው ጎማው በማርሽ በኩል ሞተሩን ስለሚያዞረው ነው፤ ቁልፉ ተከፍቶ፣ ሁለተኛ ማርሽ ገብቶ፣ ፍሪሲዮኑ ይለቀቃል። የድሮ ላዳ ታክሲዎች ማታ ቁልቁለት ላይ የሚቆሙትም ለዚሁ ነበር። በአውቶማቲክ ካምቢዮ ግን ሞተሩ ካልተነሳ ጎማውን ከሞተሩ ጋር የሚያያይዘው የዘይት ግፊት የለም። እስከ ጨለማ ቢገፉት አይነሳም።

ከዚያ አሸዋ ሊያራግፍ የመጣ የአይሱዙ ሹፌር "በኔ እናስነሳው" አለ። ይህን ወዲያው አስቆምኩት። አይሱዙው ሁለት ባትሪ በተከታታይ ተያይዞበት በ24 ቮልት ነው የሚሠራው። የቪትዙ ዕቃ በሙሉ የተሠራው ለ12 ቮልት ነው። ቢገናኙ ሞተሩ ሊነሳ ይችላል፤ ኮምፒውተሩ ግን አብሮ ሊቃጠል ይችላል፣ ባትሪውም ሊፈነዳ ይችላል። ሹፌሩ "ስንቱን አስነስቼበታለሁ" ብሎ ቅር አለው። ከሁለቱ ባትሪዎች ከአንዱ ብቻ ወስደው የሚያስነሱ አሉ፤ ለማያውቅ ሰው ግን የማልመክረው ነገር ነው።

የኤሌክትሪክ መኪና ያለው ጎረቤትም ሊረዳ ወጣ። የሱም መኪና ባለ 12 ቮልት ባትሪ አለው። ይሁን እንጂ ያ ባትሪ ትንሽ ነው፤ ሥራው መብራቱንና ኮምፒውተሩን ማንቃት እንጂ ሞተሪኖ ማዞር አይደለም። ብዙ አምራቾችም ሌላ መኪና ለማስነሳት እንዳይውል በመመሪያቸው ይከለክላሉ። አመስግነን ተውነው።

አንዱ ጎረምሳ ያቀረበው ሐሳብ ደግሞ በየጋራዡ የሚታየው ነው፦ ከሌላ መኪና ባትሪ ፈትቶ ማስነሳት፣ ከዚያ ሞተሩ እየሠራ ባትሪውን ነቅሎ የራሱን መመለስ። ድሮ፣ መኪና ኮምፒውተር ሳይኖረው፣ ብዙ ጊዜ ያለ ጉዳት ያልፍ ነበር። ባትሪው ከሚሠራ ዲናሞ ላይ በድንገት ሲነቀል ግን ቮልቱ ለቅጽበት ወደ ላይ ይተኮሳል። የዲናሞው ዳዮድ ወይም ኮምፒውተሩ ሊሄድ ይችላል። ባትሪ ለመቆጠብ ተብሎ ኮምፒውተር መግዛት ይመጣል።

በመጨረሻ አንድ ሚኒባስ ታክሲ በር ላይ ሲያልፍ ዘበኛው አስቆመው። ባለ 12 ቮልት ነው፣ ባትሪው ትልቅ ነው፣ ሹፌሩም ፈቃደኛ። ባለመኪናዋ ከመኪናው ኋላ ዕቃ መጫኛ ውስጥ ያስቀመጠችው ኬብል ግን ሌላ ችግር ሆነ። ላስቲኩ ወፍራም፣ ውስጡ ያለው መዳብ ቀጭን። ትንሽ የቤንዚን ሞተር ለማዞር እንኳ ከ100 አምፔር በላይ ይፈልጋል፤ ያ ሁሉ በቀጭን ሽቦ አያልፍም። አንዴ ሲሞከር ጠቅ ጠቅ ብቻ አለ፤ ኬብሉም በእጅ ሲነካ ሞቆ ነበር። መንገድ ዳር ኬብል ስትገዙ የላስቲኩን ውፍረት ትታችሁ መቆንጠጫው ጋ የሚታየውን መዳብ ተመልከቱ።

## የሠራው

የታክሲው ሹፌር የራሱን ኬብል ከወንበር ሥር አወጣ። ወፍራም ነው፤ እንጀራው ስለሆነ አይቀልድበትም።

ኬብሉ ከመታሰሩ በፊት የቪትዙ ባትሪ ጫፎች ተጸዱ። ፖዘቲቩ ላይ ነጣ ያለ አረንጓዴ ዱቄት ተጋግሮበት ነበር፤ በዚያ ላይ የሚቆነጥጥ ኬብል ብረቱን አያገኘውም። መጀመሪያ ኔጌቲቩ፣ ቀጥሎ ፖዘቲቩ ተፈታ፤ በሙቅ ውሃ ታጥቦ፣ በጨርቅ ደርቆ፣ ፖዘቲቩ ቀድሞ ተመልሶ ታሰረ። ኔጌቲቩ ሲነካ አላርሙ ጮኸ፤ ያልተነሳው መኪና ግቢውን ሁሉ አስነሳ።

ከዚያ የኬብሉ አያያዝ። ሁለቱ መኪኖች ተቀራርበው፣ ሳይነካኩ፣ ሁለቱም ጠፍተው ቆሙ። ቀዩ ኬብል መጀመሪያ በደከመው ባትሪ ፖዘቲቭ ላይ፣ ሌላው ጫፉ በታክሲው ፖዘቲቭ ላይ። ጥቁሩ በታክሲው ኔጌቲቭ ላይ። የመጨረሻው የጥቁሩ ጫፍ በቪትዙ ባትሪ ላይ አይገባም፤ ከባትሪው ራቅ ባለ፣ ቀለም ባልነካው የሞተር ብረት ላይ ይቆነጠጣል። ምክንያቱ የመጨረሻው ንክኪ ብልጭታ ስለሚያወጣ ነው። ባትሪ ደግሞ ሃይድሮጅን ጋዝ ያወጣል፤ ብልጭታና ሃይድሮጅን አንድ ቦታ ከተገናኙ ባትሪው ከነአሲዱ ፊት ላይ ይፈነዳል። እንዲህ ዓይኑን ያጣ ሰው አውቃለሁ። በዚያው ምክንያት ሲጋራውን ይዞ ያጎነበሰውን ረዳት ወደ ኋላ መለስነው።

ታክሲው ተነሳ። ባለመኪናዋ ወዲያው ቁልፍ ልታዞር ስትል ሹፌሩ "እህቴ፣ አትቸኩዪ፤ ትንሽ ይጠጣ" አላት። ትክክል ነው። እንዲህ የወረደ ባትሪ ራሱ ጉልበት እየሳበ ስለሚሻማ መጀመሪያ መቅመስ አለበት። አሥር ደቂቃ ያህል ታክሲው ትንሽ ነዳጅ እየተሰጠው ሠራ። ከዚያ ቁልፉ ዞረ፤ ሞተሩ ተነሳ።

ሲፈታ ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል፦ መጀመሪያ ከሞተሩ ብረት ላይ ያለው ጥቁር፣ ከዚያ የታክሲው ጥቁር፣ ከዚያ የታክሲው ቀይ፣ በመጨረሻ የቪትዙ ቀይ። ሹፌሩ ገንዘብ አልቀበልም ብሎ ሄደ፤ ወያላው ግን ተቀበለ።

## ማታውን እንደገና

ሥራ በሰዓቷ ደረሰች። ማታ ልትወጣ ስትል መኪናው የሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ ያንኑ ጠቅ ጠቅ አሰማ። የሥራ ባልደረባዋ በኬብል አስነሳላት። በማግስቱ ያሳየችው ጋራዥ ደግሞ ሳይለካ "ዲናሞው አይሞላም፣ ይቀየር" አላት።

እዚህ ጋ ሒሳቡን መሥራት ያስፈልጋል። የቪትዙ ባትሪ 35 አምፔር ሰዓት አካባቢ ነው፤ 1 አምፔር ለ35 ሰዓት ያህል ይሰጣል እንደማለት ነው። ሰኞ ጠዋት ባዶ ነበር። ሆስፒታል እስክትደርስ ዝናብ ነው፤ መጥረጊያው፣ የፊት መብራቱና የመስታወት ማድረቂያው በርተዋል፤ መኪናው ደግሞ ከሚሄደው የሚቆመው ይበዛል። ለባትሪው የሚተርፈው 10 አምፔር አካባቢ ቢሆን እንኳ በግማሽ ሰዓት የሚገባለት 5 አምፔር ሰዓት ነው። "ተነስቷል፣ በመንገድ ላይ ይሞላል" የሚባለው ለከተማ መኪና አብዛኛውን ጊዜ አይሠራም። ባትሪው በቻርጀር ሌሊቱን ሙሉ መሞላት ነበረበት። ማክሰኞ ማታ ወደ ባትሪ ቤት ወስደን ይኸው ተደረገ።

ረቡዕ ማታ ለካሁት። አርፎ 12.6 ቮልት፤ ሞተሩ ሲነሳ ለቅጽበት ወደ 10.3 ወርዶ ተመለሰ። ሲነሳ ከ9.6 በታች ካልወረደ ባትሪው ደህና ነው ማለት ይቻላል። ሞተሩ እየሠራ 14.2 ቮልት አሳየ። ዲናሞ ከ13.8 እስከ 14.5 ባለው ውስጥ ከሰጠ ሥራውን እየሠራ ነው። ባትሪው ደህና፣ ዲናሞው ደህና። እንግዲያው የሆነ ነገር መኪናው ጠፍቶ እያለ የባትሪውን ጉልበት ይጠጣል።

## ፍለጋው

ቴስተሩ ወደ 10 አምፔር ተቀይሮ በኔጌቲቭ ጫፍና በተፈታው ኬብል መካከል ገባ። አሠራሩን ለማታውቁ ማስጠንቀቂያ፦ አምፔር ላይ ያለ ቴስተር በባትሪው ሁለት ጫፎች ላይ በቀጥታ አይነካም። መኪናውም በዚያ ሁኔታ ቁልፉ አይዞርም፤ ቴስተሩ ይቃጠላል። በሩ ክፍት ከሆነ የውስጥ መብራቱ ስለሚቆጠር የበሩ መቆለፊያ በመፍቻ ተጫነ፣ መኪናው በሩ የተዘጋ እንዲመስለው። ከዚያ ሩብ ሰዓት ያህል ጠበቅን፣ ኮምፒውተሩ እንዲተኛ።

ጤነኛ መኪና ተኝቶ የሚጠጣው ከ0.05 አምፔር አይበልጥም። ይህኛው 0.42 ላይ ቆመ። ትንሽ ይመስላል። ከአርብ ማታ 12 ሰዓት እስከ ሰኞ ጠዋት 60 ሰዓት ስናባዛው ግን 25 አምፔር ሰዓት ይሆናል። ሙሉውን ካልተሞላ የ35 ባትሪ ላይ ይህ ሲወጣለት ምን ይቀራል? ሰኞ ሰኞ የሚሆንበት፣ በበጋም ቅዳሜ ስትወጣበት ያልታየበት ምክንያት ይኸው ነው። ባልደረቦቿ በቀልድ "መኪናሽም ሥራ ይጠላል" ይሏት ነበር።

ቀጥሎ ፊውዝ በፊውዝ መንቀል። ኮፈን ሥር ያለው ሣጥን፣ ዳሽቦርድ ሥር ያለውም ተነቀለ። የአላርሙ ሲነቀል ትንሽ ቀነሰ፤ ዋናው ቁጥር ግን አልተነቃነቀም። ብዙ ባለሙያ እዚህ ላይ ተስፋ ይቆርጣል። ፍንጩን ያገኘችው ራሷ ባለመኪናዋ ናት። የወደቀባትን ቁልፍ ከፊት ወንበር ሥር ስትፈልግ እጇ ለብ ያለ ብረት ነካ። ከሰዓታት በፊት በጠፋ መኪና ውስጥ ለብ ያለ ነገር ሊኖር አይገባም።

አምፕሊፋየሩ ነው። ዋናው ሽቦው በፊውዝ ሣጥኑ ሳያልፍ በቀጥታ ከባትሪው ፖዘቲቭ ተወስዷል። ይህ በራሱ ጥፋት አይደለም፤ አገጣጠሙ እንዲያ ነው፣ መንገዱ ላይ የራሱ ፊውዝ እስካለው ድረስ። ጥፋቱ በቀጭኑ ሽቦ ላይ ነው። አምፕሊፋየር "ተነሣ፣ ተኛ" የሚባልበት ቀጭን ሽቦ አለው፤ ያ ሽቦ ቁልፍ ሲከፈት ብቻ ኤሌክትሪክ ከሚያገኝ ሽቦ ጋር መገናኘት አለበት። የገጠመው ሰው ሁልጊዜ ኤሌክትሪክ ካለው ሽቦ ጋር አገናኝቶታል። ማሽኑ ከተገጠመበት ቀን ጀምሮ ተኝቶ አያውቅም ማለት ነው።

የአምፕሊፋየሩ ፊውዝ ሲነቀል ቴስተሩ ከ0.42 ወደ 0.03 ወረደ። ቀጭኑን ሽቦ ወደ ሬዲዮው የቁልፍ ሽቦ አዛወርነው፤ ሥራው ሻይ ተፈልቶ እስኪቀርብ አለቀ። ከዚያ ወዲህ ቪትዙ ሰኞ ሰኞ ይነሳል። የሚያዝያው ባትሪ አርጅቶ ነበር ወይስ እሱም በዚሁ ነገር ባዶ ሆኖ ነበር? ቆራሌው ወስዶታል፤ ሊመረመር አልቻለም። አሁን ያለው ባትሪም በተደጋጋሚ እስከ ታች መውረዱ ዕድሜውን ሳያሳጥረው አይቀርም።

## ለሌላ መኪና የሚወሰደው

ባትሪ ሲወድቅ የመጀመሪያው ጥያቄ "መኪናው ከመውደቁ በፊት ስንት ሰዓት ቆሞ ነበር?" ይሁን። ሲነዳ ውሎ ማታ ከወደቀ ወደ ዲናሞውና ወደ ቺንጊያው ሂዱ። ለቀናት ቆሞ ከወደቀ የሚጠጣ ነገር ፈልጉ። በየጠዋቱ ሳይለይ ከደከመ ባትሪው ወይም ማሰሪያው ይጠረጠራል። ይህን ለመለየት መሣሪያ አያስፈልግም፤ የወደቀበትን ቀንና ሰዓት ስልክ ላይ መጻፍ ይበቃል።

ባትሪም ዲናሞም ከመግዛታችሁ በፊት ቮልቱን አስለኩ። የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው፤ ርካሽ ቴስተርም ይሠራዋል። ለመለካት ፈቃደኛ ያልሆነ ሰው ዕቃ ቀይር ካላችሁ ሌላ ሰው ጠይቁ።

አላርም፣ ጂፒኤስ፣ ካሜራ ወይም ሙዚቃ የምታስገጥሙ ከሆነ ገንዘቡን ከመክፈላችሁ በፊት መኪናው ጠፍቶ ስንት አምፔር እንደሚጠጣ አሳዩኝ በሉ። ያገለገለ መኪና የገዛ ሰው ደግሞ የቀድሞው ባለቤት ያስገባውን ሁሉ አንዴ ያስፈትሽ፤ መሪው የተዛወረ ከሆነ በተለይ።

የኤሌክትሪክ መኪና ያላችሁም ከዚህ አታመልጡም። በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ በየግቢው እየበዙ ነው። ትልቁ ባትሪ ሙሉ ሆኖ ትንሹ የ12 ቮልት ባትሪ ከወደቀ መኪናው አይነቃም፤ አንዳንዱ በሩም በሪሞት አይከፈትም። በብዙዎቹ ላይ ከሌላ ባለ 12 ቮልት ባትሪ ትንሽ ጉልበት ሲያገኝ ኮምፒውተሩ ይነቃል፤ ከዚያ ትልቁ ባትሪ ትንሹን ራሱ ይሞላዋል። ኬብሉ የሚያያዝበት ቦታ ግን ከመኪና መኪና ይለያያል። መመሪያው ላይ አሁኑኑ አይታችሁ ፎቶ አንሡት፤ በሩን ያለ ሪሞት የሚከፍተው የብረት ቁልፍ የት እንዳለም አብራችሁ ፈልጉ።